ጠርሙሱ ሲቀየር ወጪው ወደ ማን ዞረ? የደሴና የኮምቦልቻ ባዶዎች ከአሜሪካዋ ሜይን ግዛት የማሸጊያ ሕግ አንጻር

ደሴ ውስጥ ግሮሰሪ የሚያሠራ ሰው ሁሉ የሚያከብረው ሕግ አለ፤ ምክር ቤት ግን አላወጣውም። ባዶውን ሳጥን ሳያስረክብ ሙሉው አይወርድለትም። ሃያ አራቱ ጠርሙሶች ከነሳጥናቸው የፋብሪካው ገንዘብ ናቸው፤ ባለ ግሮሰሪው የገዛው ውስጣቸው ያለውን ቢራ ብቻ ነው። የሰፈር ሱቅም እንዲሁ ነው። ልጅ ለስላሳ ሊገዛ ሲላክ «ባዶውስ?» ይባላል፤ ካላመጣ መያዣ ያስይዛል። ጠርሙሱ ቢሰበር የሚከፍል አለ፣ ቢጠፋም የሚፈልገው አለ። ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ ካገኘች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ባዶ ሳጥን የጫነ መኪና ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ማየት ለደሴ ሰው ብርቅ አይደለም።

እዚያው ሱቅ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ሃይላንድ ተደርድሯል። እሱን የገዛ ሰው ባዶውን እንዲመልስ የሚጠይቀው የለም። መያዣ አላስያዘም፣ ጠርሙሱም የማንም ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ የቢራ ጠርሙስ በቦርከና ዳር ተከምሮ አይታይም፤ ካለም ስባሪው ነው። ሃይላንድ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ቦዩን ደፍኖ ውሃውን ወደ መንገድ ያወጣዋል።

ልዩነቱን በሕዝቡ የንጽሕና ጉድለት የሚያስረዱ ብዙ ናቸው። «ሕዝባችን ገና አልሠለጠነም» ይባላል፣ የጽዳት ዘመቻ ይጠራል፣ ቲሸርት ይታደላል። ይህ ማብራሪያ አንድ ነገር መመለስ ይቸግረዋል። የቢራውን ጠርሙስ አጥብቆ የሚመልሰውና ሃይላንዱን ከመኪና መስኮት የሚወረውረው ያው አንድ ሰው ነው። ጠባዩ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ አልተለወጠም። የተለየው የጠርሙሱ ሂሳብ ነው።

ለስላሳ መጠጥ በብርጭቆ ጠርሙስ ብቻ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ ባዶውን የመሰብሰብ ወጪ በአምራቹ መዝገብ ላይ ነበር። የመልስ ጭነቱ፣ ማጠቢያው፣ ስባሪው፣ የሳጥኑ ጥገና ሁሉ በእሱ ነው። ፕላስቲኩ ሲመጣ ለሁሉም ተመቸ። አምራቹ ከማጠቢያና ከመልስ ጭነት ተገላገለ፤ አከፋፋዩ ባዶ መቁጠሩን ተወ፤ ባለሱቁ ሳጥን የሚደረድርበት ቦታ ተረፈው፤ ጠጪውም ይዞ መንገድ መሄድ ቻለ። ሥራው ግን አልቀረም። ከኩባንያው መዝገብ ተፍቆ ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ላይ ወደቀ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ከጠርሙሱ ሽያጭ ለዚህ ሥራ የተቆረጠ አንድ ሳንቲም አልደረሰውም። ይህን የሚያህል የወጪ ዝውውር ሲደረግ ድምፅ የተሰጠበት ስብሰባ የለም። ኩባንያዎቹ ግብር ይከፍላሉ ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ይከፍላሉ። ግን ግብሩ የሚገባበትና ባዶው የሚወድቅበት ቦታ አንድ አይደለም።

የወሎ መልክዓ ምድር ነገሩን ያባብሰዋል። ደሴ ከጦሳ ሥር፣ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በገደልና በሸለቆ መካከል የተሰካች ከተማ ናት። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ከየዳገቱ የጠረገውን ይዞ ቦርከና ይገባል። ቦርከና 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻን ያገኛል፣ ከዚያ በሐርቡ አድርጎ ወደ ከሚሴና ወደ ጨፋ ረግረግ ይዘልቃል፤ ውሃው መጨረሻው አዋሽ ነው። ጨፋ ደግሞ በበጋ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን የሚያሰማራበት ሣር ነው። ሰኞ ገበያ አጠገብ ተጥሎ ያደረ ፌስታል ከወራት በኋላ ከሣሩ ጋር ላም ልትበላው ትችላለች። የደሴ ማዘጋጃ ቤት ካላነሳው የሚያነሳው ሌላ አስተዳደር ነው፤ ወይም ማንም አያነሳውም።

አየር የጫነ መኪና

«ቁራሌው ይለቅመዋል» የሚል መልስ አለ። ቁራሌው ብረት፣ ነሐስ፣ የመኪና ባትሪ፣ የተሰነጠቀ ጀሪካን ይገዛል፤ ለኪሎው የሚያወጣው ዋጋ የእግሩንና የጋሪውን ድካም ይከፍለዋል። ሃይላንድ እዚህ ላይ ይከብዳል፤ የሚከብደውም ስለሚቀል ነው። ባዶ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከ10 እስከ 20 ግራም ይመዝናል። አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ50 እስከ 100 ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ሳይጨፈለቅ አንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚገባው አንድ ሺህ ገደማ ሲሆን፣ ሁሉም በከባዱ ቢታሰብ 20 ኪሎ ነው። 20 ሜትር ኩብ የሚይዝ፣ አምስት ቶን የሚሸከም መኪና ጢም ብሎ ቢሞላ የያዘው 400 ኪሎ ነው።

ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ የተሰበሰበ ፕላስቲክ በብዛት የሚገዙትና የሚፈጩት ደግሞ ወደዚያ ናቸው። ጣርማ በርን ሽቅብ የሚወጣው መኪና የጫነው በአብዛኛው አየር ነው፤ ናፍጣው ግን አየር ነው ብሎ ዋጋ አይቀንስም። መጭመቂያ ማሽን ቢኖር አንድ ጉዞ የአሥርን ሥራ ይሠራል። ማሽኑን ማን ይግዛ? የሰፈር ጽዳት ማኅበር ያሉ ወጣቶች ከየቤቱ በሚሰበሰብ ወርኃዊ ክፍያ የሚኖሩ ናቸው። የአዲስ ፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ በዓለም ገበያ ሲረክስ ለአሮጌው የሚከፈለውም ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ለቃሚው ሥራውን ትቶ ወደ ብረቱ ይመለሳል፣ ጠርሙሱ ቦዩ ውስጥ ይቀራል። ገበያው ብቻውን ይህን ሥራ የሚሠራው በሚያዋጣበት ሳምንትና በሚያዋጣበት ርቀት ነው። ደሴ ከርቀቱ ውጭ ናት፤ ላልይበላ ደግሞ ከደሴም ትርቃለች።

በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ፋብሪካም፣ የሕዝብ ተቋምም ተዘርፏል፣ ፈርሷል። ከዚያ በኋላ በጀት የሚደለድል ሰው ሆስፒታልንና ትምህርት ቤትን ከሃይላንድ ቢያስቀድም የሚወቅሰው የለም። የቆሻሻው ገንዘብ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት የምለውም ለዚህ ነው።

በወረቀት ላይ ያለን

በሕግ በኩል እጃችን ባዶ አይደለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ለብርጭቆ መያዣዎችና ለቆርቆሮ ጣሳዎች፣ ለፌስታል፣ ለአሮጌ ጎማ፣ ለምግብ ነክ ቆሻሻና ለግንባታ ፍርስራሽ የየራሳቸውን አንቀጽ ሰጥቶ ነበር። ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባም ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው በየገበያው ምን ያህል እንደተከበረ ጫት ገዝቶ የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል። ለፕላስቲክ ጠርሙስ ግን የብቻው አንቀጽ አልሰጠውም። በ2017 ዓ.ም. መገባደጃ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ሲያጸድቅ ዜናውን ሁሉ የወሰደው የፌስታሉ ክልከላና በያዘው ሰው ላይ የሚጣለው ቅጣት ነበር። ክልከላ ቀላሉ ሕግ ነው። የሚከለከል ዕቃ ምትክ ሲኖረው ይሠራል፤ ዘንቢልና የጨርቅ ከረጢት ድሮም ነበሩን። የታሸገ ውሃን፣ ዘይትን፣ ሳሙናን ግን ከልክሎ መኖር አይቻልም። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ሂሳብ የሚያወራርድ ሕግ ነው።

ያመረተ ባዶውን የማንሳት ወጪም ይክፈል የሚለው ሐሳብ ራሱ አዲስ አይደለም። ቶማስ ሊንድክቪስት የተባለ ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1990 ለአገሩ የአካባቢ ሚኒስቴር ባቀረበው ጽሑፍ የአምራች የተራዘመ ኃላፊነት ብሎ ስም ሰጠው፤ ጀርመን በዓመቱ የማሸጊያ ደንብ አውጥታ በሥራ ላይ አዋለችው። አሜሪካ ግን ሠላሳ ዓመት ዘገየች፣ ስትጀምርም በፌዴራል ሳይሆን በየግዛቱ ጀመረች። ከእነዚያ ግዛቶች ለወሎ የሚቀርበው ባለ ብዙ ሀብቷ ካሊፎርኒያ አይደለችም፤ ሜይን ናት።

ሜይን እንዴት አወጣችው

ሜይን በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ያለች፣ ደን የበዛባት፣ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ሰው የሚኖርባት ግዛት ናት። የደቡብ ወሎ ዞን ብቻውን በ1999ኙ ቆጠራ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ነበር። ሕዝቧ በ500 ገደማ ትንንሽ ከተሞችና መንደሮች ተበትኖ ይኖራል፤ ቆሻሻውን እያንዳንዱ ከተማ በራሱ በጀት፣ ከነዋሪው የንብረት ግብር ያስተዳድራል። ትንሽ ማዘጋጃ ቤት፣ ረጅም መንገድ፣ ሩቅ ገዢ። ሀብቷን ትተን ችግሯን ብቻ ካየን የምናውቀው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ቻይና የሌላ አገር ቆሻሻ መግዛቷን ስታቆም እነዚህ ከተሞች መውጫ አጡ። ወረቀትና ፕላስቲክ ለይተው ሸጠው ጥቂት ያገኙ የነበሩት፣ አሁን ለሚወስድላቸው እንዲከፍሉ ተጠየቁ። አንዳንዶቹ መለየቱን ተዉት፣ ሁሉንም አንድ ላይ ወደ መቅበሪያ ላኩት። ቅሬታው ከማዘጋጃ ቤቶች ተነሳ እንጂ ከአካባቢ ተቆርቋሪዎች ብቻ አልመጣም፤ ሕጉን የወለደው ይህ ይመስለኛል። በርካታ ከተሞች በየምክር ቤታቸው የድጋፍ ውሳኔ አሳለፉ። አንድ ተቆርቋሪ «ፕላስቲክ ይጎዳል» ሲል የሚሰማው ሰው ያዛጋ ይሆናል። ከንቲባ ደረሰኝ ይዞ «ይህን ያህል ከፈልኩ፣ ጠርሙሱን ግን እኔ አልሠራሁትም» ሲል መልስ መስጠት ግድ ይሆናል።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2019 የግዛቱ ምክር ቤት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ረቂቅ እንዲያዘጋጅ አዘዘ። በ2020 ረቂቁ ቀረበ፤ ኮቪድ ገብቶ ምክር ቤቱ ሲበተን እዚያው ቀረ። በ2021 እንደገና ቀረበ። የምግብና የማሸጊያ ኩባንያዎች ዋጋ በሸማቹ ላይ ይጨምራል ብለው ተከራከሩ፤ አማራጭ ያሉት ሌላ ረቂቅም ነበር። በሐምሌ ወር አገረ ገዥዋ ጃኔት ሚልስ ፈረሙ፣ ሜይንም በማሸጊያ ላይ እንዲህ ያለ ሕግ በማውጣት ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ዝርዝር ደንቡ የጸደቀው ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ በታኅሣሥ 2024 ነው፤ የመጀመሪያው ክፍያ ለከተሞች ይደርሳል ተብሎ የታቀደው ደግሞ ለ2027። አዋጅ በወጣ ማግስት ውጤት ለሚጠብቅ ባለሥልጣን ይህ የጊዜ ሰሌዳ አይጥመውም።

የሕጉ አሠራር ይህ ነው። በግዛቲቱ ውስጥ በማሸጊያ ዕቃ የሚሸጥ የንግድ ምልክት ባለቤት ስንት ቶን፣ በምን ዓይነት ማሸጊያ እንዳስገባ ያስመዘግባል፣ በዚያው መጠን ይከፍላል። ለመልሶ መጠቀም የማይመች ማሸጊያ የሚያወጣ አብልጦ ይከፍላል። ገንዘቡ መንግሥት በውድድር በሚመርጠው አንድ አስተዳዳሪ ድርጅት ቋት ይገባል። ከቋቱ ለከተሞች ይከፈላል፤ የሚከፈላቸውም እነሱን ከሚመስሉ ከተሞች አማካይ ወጪ ተነስቶ በቶን ነው። ስለዚህ ያባከነ ከተማ ብክነቱ አይካስለትም፤ ቆጥቦ የሠራ ይጠቀማል። ዓመታዊ ገቢው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በታች የሆነ ወይም ከአንድ ቶን ያነሰ ማሸጊያ የሚጠቀም ነጋዴ ነፃ ነው። ከተማም መግባት ካልፈለገ አይገደድም።

የመጠጥ ጠርሙስ በሌላ ሕግ ይተዳደራል። ሜይን እ.ኤ.አ. በ1976 በሕዝብ ድምፅ ያጸደቀችው፣ ከ1978 ጀምሮ የሚሠራ የመያዣ ሕግ አላት፤ ኋላም ውሃና ጭማቂ ተጨምረውበታል። በአብዛኛው ጠርሙስ ላይ 5 የአሜሪካ ሳንቲም ይያዛል፣ ባዶው ሲመለስ ይመለሳል። በመያዣ የሚመለሰው ጠርሙስ ከአዲሱ ሕግ ክፍያ ውጭ ሆኗል። መያዣው የሚመለሰውን ዕቃ ይመልሳል፤ የማይመለሰውን ካርቶን፣ ኮሮጆና ከረጢት ደግሞ ክፍያው ይሸፍነዋል። ደሴ የመጀመሪያውን ግማሽ ያለ ሕግ፣ በቢራ ሳጥን አማካይነት ስትሠራበት ኖራለች።

በማሸጊያው ሕግ ሌሎች ግዛቶች ሜይንን ተከተሉ፤ ኦሪገን እ.ኤ.አ. በዚያው በ2021፣ ኮሎራዶና ካሊፎርኒያ በ2022፣ ሚኒሶታ በ2024፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን በ2025። አብዛኞቹ ከሜይን የሚለዩት አምራቾቹ ራሳቸው ባቋቋሙት ድርጅት አማካይነት እንዲሠሩ በመፍቀዳቸው ነው። ካሊፎርኒያ የአንድ ጊዜ ፕላስቲክ ማሸጊያ በ2032 በ25 በመቶ እንዲቀንስ አስገድዳለች። ሚኒሶታ የአምራቹን ድርሻ በደረጃ አስቀምጣለች፤ በ2029 ቢያንስ ግማሹን፣ በ2031 ወጪውን 90 በመቶ።

ወሎ ላይ ሲለካ

ከሁለቱ መንገድ የቱ ይሻላል ቢባል እኔ ከሜይን ጋር ነኝ። አምራቾች ራሳቸው ይሰብስቡ ከተባለ የሚሰበስቡት ከቀረባቸው ነው፤ የተጣለባቸውን የቶን ግብ አዲስ አበባና አዳማ ላይ ሞልተው ሪፖርት ያቀርባሉ። ማንም ነጋዴ እንዲህ ቢያደርግ አይፈረድበትም፤ ጣርማ በርን ለምን ይሻገር? ክፍያው በሰበሰበው ከተማ እጅ ሲገባ፣ የርቀቱ ወጪም ሲታሰብበት ብቻ ነው ደሴ መጭመቂያ የምትገዛው። የወጣቶቹ ማኅበርም ከቤት ክፍያ ሌላ ገቢ ያገኛል፤ ቁራሌውም በቶን ስሌቱ ውስጥ ሰብሳቢ ተብሎ ሊገባ ይገባል፣ አለዚያ ሕጉ የኖረበትን እንጀራ ይነጥቀዋል።

«አምራች» ማን ነው የሚለው ቀጥሎ ይመጣል። የፕላስቲኩ ጥሬ ዕቃ ከውጭ ይገባል፣ ጠርሙሱ አንድ ከተማ ይነፋል፣ ውሃው ሌላ ከተማ ይሞላል፣ አከፋፋዩ ኮምቦልቻ ነው። ሁሉም በሌላው ላይ ጣቱን ሊቀስር ይችላል። የሜይን መልስ ቀላል ነው፤ ስሙ ከላይ የተጻፈበት ይክፈል። ከውጭ ለመጣ ዕቃ አስመጪው። ከጅቡቲ በሚሌ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚደርሰው ብስኩትና ዱቄት ሳሙና ላይ የባለ ምልክቱ አገር ሩቅ ነው፣ አስመጪው ግን ጉምሩክ ላይ ይታወቃል።

ሜይን ያላሰበችው ነገርም አለን። የዘይት ጀሪካን ቆሻሻ ሆኖ አያውቅም፤ ውሃ ይቀዳበታል፣ ጠላ ይያዝበታል፣ ሲሰነጠቅ ተቆርጦ ማፈሻ ይሆናል፣ ያን ጊዜም ቁራሌው ይገዛዋል። ሃይላንዱም ቢሆን ማር፣ ላምባና አረቄ የሚሸጥበት ነው። እነዚህን የምትቸረችር እናት በሕግ ዓይን «በማሸጊያ ዕቃ የምትሸጥ» እንዳትሆን የነፃነቱ መስመር ከፍ ብሎ መሰመር አለበት። ለጀሪካን ክፍያ መጣሉንም እጠራጠራለሁ። የሚያሳስበኝ የአምስትና የአሥር ብር ዕቃ የሚሸጥባት ትንሿ ከረጢት ናት፤ የሳሙናዋ፣ የሻምፖዋ፣ የብስኩቷ። ብዙ ዓይነት ስስ ንጣፍ ተጣብቆ የተሠራች ስለሆነች የሚገዛት የለም፣ መያዣም አይያዝባትም። ድሀው በትንሽ በትንሹ የሚገዛው በእሷ ነው፤ ክፍያው ሲጨመር የሚሰማው እሱ ላይ ነው። የአሜሪካ ኩባንያዎች ስለ ዋጋ ያነሱት ክርክር እዚህ ከዚያ ይልቅ ክብደት አለው፣ እንዲሁ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

ለመጠጥ ጠርሙስ ግን የምንጠብቀው ብዙ የለም። መያዣውን ባለሱቁም ልጁም ያውቁታል፤ መኪናው የዛሬውን መስመር ይሄዳል፤ የጎደለው ሃይላንድ ላይ የተጻፈ መያዣና የሚመለስበት ቦታ ነው። ለሌላው ማሸጊያ ከተሞቹ አሁኑኑ፣ ማንንም ሳይጠብቁ ሊሠሩት የሚችሉት መመዘን ነው። ከየገንዳው የተወሰነ እየወሰዱ፣ በበጋም በክረምትም፣ በዓይነትና በንግድ ምልክት ለይቶ መመዘን፣ የማንሻውን ወጪም አብሮ መጻፍ። ሚኒሶታና ኮሎራዶም ክፍያ ከመተመናቸው በፊት ምን ያህል ቆሻሻ፣ ምን ያህል ወጪ እንዳለ እንዲጠና በሕግ አዘዋል። ደሴ የምታቀርበው ቁጥር ካላት የክልሉ ምክር ቤት የሚወያይበት ነገር ያገኛል። ከሌላት አዲስ አበባ ላይ የተመዘነው ለወሎም ይወሰድና ያልፋል።

አንድ ክርክር ደግሞ ከወዲሁ ይታየኛል። ደሴ ላይ ተጠጥቶ በቦርከና ወርዶ ከሚሴ የተለቀመ ጠርሙስ ክፍያው ለማን ነው? በሜይን ሕግ የሚከፈለው ለሰበሰበው ነው። በዚያ ስሌት ገንዘቡ የከሚሴ ነው፤ የደሴ ማዘጋጃ ቤት ይህን ሰምቶ ዝም ይላል ብዬ ግን አልምልም።